ይሰበር፣ ግን የት?

ስለ መስክ መኪና ሲወራ ከሁሉ በላይ የሚነገረው ምስጋና «አይሰበርም» የሚለው ነው። ሾፌር መኪናውን በዚህ ቃል ያሞግሳል፤ ሶማሌ ተራ ያለ መለዋወጫ ሻጭ ዕቃውን በዚህ ቃል ይሸጣል፤ መካኒክም የሠራውን ሲያስረክብ በዚሁ ቃል ይምላል። ከምስጋናው ሥር አንድ እምነት አለ፦ ብረቱ በወፈረ፣ ብሎኑ በጠነከረ፣ ዊንቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር በበዛ መጠን መኪናው ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጀውም ሆነ ከኪሱ ከፍሎ ዊንች የሚያስገጥመው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ይህን አምኖ ነው።

እምነቱ የተሳሳተ ነው፤ ሰው የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። ጉልበት የሚያስተላልፍ ማሽን ሁሉ ከልኩ በላይ ሲገደድ የሆነ ቦታ ላይ ይሰበራል። ያን ቦታ አስቀድሞ መምረጥ የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ምናልባትም ከሥራው ሁሉ ትልቁ። እኛ «አጠናከርነው» ብለን የተመረጠውን ቦታ ስናጠፋው ስብራቱ አይቀርልንም፤ የት እንደሚሆን ማወቃችን ብቻ ይቀርብናል።

ከትንሿ ዕቃ ልጀምር። ከመኪናው ሞተር ጉልበት እየወሰደ የሚሠራ የቀድሞ ዓይነት ዊንች ያለበትን ላንድ ክሩዘር ያየ ሰው ያውቃታል። ኃይሉ ከካምቢዮው በኩል ይወጣና በረጅም ዘንግ ተጉዞ ከፊት መከላከያው ጋር የተቀመጠውን ዊንች ያዞራል። ዘንጉና ዊንቹ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ከትንሽ ጣት የቀጠነች ፒን ተሰክታለች። ሁለቱን የሚያስተሳስር ሌላ ነገር የለም፤ ጉልበቱ ሁሉ በእሷ ውስጥ ያልፋል። ከለስላሳ ብረት የተሠራችውም ሆን ተብሎ ነው። ጭነቱ ከልኩ ሲያልፍ ቀጭ ብላ ትቆረጣለች። ዘንጉ ባዶውን ይሽከረከራል። ዊንቹ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ማርሽ ወደ ኋላ ስለማይለቅ መኪናው ተንሸራትቶ አይመለስም፤ ገመዱ እንደተወጠረ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፣ ቁራጮቹን በመዶሻ መትቶ ያወጣል፣ አዲስ ፒን ይሰካል። የሚከስረው የጥቂት ደቂቃ ጊዜና የአንዲት ቁራጭ ብረት ዋጋ ነው።

ይህች ፒን የድሃ ዘመን ብልሃት አይደለችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጂኤምሲና ዶጅ መኪኖች ላይ የነበሩት ዊንቾችም ተመሳሳይ ፒን ነበራቸው። ብረት ያጠራቸው ሰዎች አልነበሩም። ሞተር ሲጎትት ድካም አያውቅም፤ ማቆም ያለበትን ጊዜም አይለይም። የመስክ ላንድ ክሩዘሮችን ለረጅም ዘመን ያንቀሳቀሰው 1ኤችዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ራሱ የሚያወጣው የማዞር ኃይል 285 ኒውተን ሜትር ነው። በአንደኛ ማርሽና በፎር ሎው ሲሆን ይህ ኃይል ጎማዎቹ ጋ እስኪደርስ ወደ 40 እጥፍ ይባዛል። ዊንቹም የራሱ ማባዣ ማርሽ አለው። እንዲህ ያለውን ጉልበት «በቃ» የሚለው አንድ ነገር በመካከል መኖር አለበት፤ ፒኗ የተቀመጠችው ለዚህ ነው።

አሁን «ማጠናከር» የሚባለውን እንመልከት። ፒኗ ሁለት ሦስቴ ከተቆረጠች «ደካማ ናት» ተብላ ትወገድና በቦታዋ ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የተጻፈበት ብሎን ይገባል። ያ ቁጥር ትርጉም አለው። የመጀመሪያው አሃዝ በ100 ሲባዛ ብረቱ ከመበጠሱ በፊት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚችለውን ኃይል በኒውተን ይሰጣል። 4.6 የተጻፈበት ለስላሳ ብሎን 400 ይችላል፤ 10.9 የተጻፈበት 1,000 ይችላል። ውፍረቱ ሳይለወጥ፣ ዓይን የሚያየው ልዩነት ሳይኖር፣ ለመቆረጥ የሚያስፈልገው ኃይል ሁለት እጥፍ ተኩል አደገ ማለት ነው። ከዚያች ፒን ቀጥሎ ያለው ዕቃ ሁሉ ግን የተሠራው ለመጀመሪያው ልክ ነው። ጠመዝማዛው ማርሽ የሚነክሰው የነሐስ ጥርስ አልተጠናከረም። ማርሹን የያዘው ቤት አልተጠናከረም። ገመዱም አልተጠናከረም። ብሎኑ አልቆረጥም ሲል ከእነዚህ አንዱ ይከፍላል፤ ነሐሱ ከተላጨ ደግሞ ምትኩ በየሱቁ አይገኝም።

ነገሩን ከቤታችን እናውቀዋለን። ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ አስሮ መብራቱን የሚመልስ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። መብራቱ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ተደስቶ ይከፍላል። ቀጥሎ የሚቃጠለው ግን ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል የነበረው ስለ ደከመ አይደለም፤ ልክ ያለፈ ነገር እንዳለ እየተናገረ ነበር።

«ያ የድሮ ዊንች ነው፤ አሁን ሁሉም ኤሌክትሪክ ሆኗል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ የኤሌክትሪክ ዊንች ፒን የለውም። ሞተሩ ሲያቅተው ይቆማል፤ ገደቡ እሱው ነው። ጥያቄው ግን አልተለወጠም፤ እንዲያውም ከብዷል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ገዢውን የሚያሳስት ቁጥር ተጨምሯል።

12,000 ፓውንድ ይጎትታል የሚባለውን የተለመደ ዊንች እንውሰድ። በኪሎ ሲመነዘር 5.4 ቶን ገደማ ነው። ይህ ቁጥር እውነት የሚሆነው ገመዱ ከሞላ ጎደል ተፈትቶ ከበሮው ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በራሱ ላይ በተጠቀለለ ቁጥር የከበሮው ውፍረት ይጨምራል፤ ከበሮው ሲወፍር ሞተሩ በአንድ ዙር ብዙ ይስባል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ከበሮው 64 ሚሊ ሜትር፣ ገመዱ 9.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አራተኛው ንብርብር ላይ የሚቀረው ጉልበት ከመጀመሪያው 60 በመቶ ገደማ ነው። 5.4 የነበረው ቶን ወደ 3.2 ወርዷል። መኪናው ገመዱ ከሚታሰርበት ዛፍ አጠገብ ተይዞ ገመዱን ትንሽ ብቻ የፈታ ሾፌር የገዛውን ዊንች አልተጠቀመም፤ ሌላ ትንሽ ዊንች ነው የተጠቀመው። ከዚያ ወደ ቢሮው ተመልሶ «ይህ አይበቃም፣ 15,000 ይገዛ» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል።

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ገመዱ ነው። ለዚህ ዊንች የሚመጣው 9.5 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ አዲስ ሆኖ የሚበጠሰው በ6.5 ቶን አካባቢ ነው። ዊንቹ 5.4 ይጎትታል። በመካከላቸው ያለው ትርፍ 20 በመቶ ብቻ ነው። ዕቃ ለማንሳት በሚሠራ የብረት ገመድ ላይ የተለመደው ትርፍ ግን ገመዱ ከሚሸከመው አምስት እጥፍ እንዲችል ማድረግ ነው። ያችን 20 በመቶ ደግሞ ጊዜ ይበላታል። ላላ ብሎ በተጠቀለለ ገመድ ላይ ከባድ ጭነት ሲመጣ የላይኛው ዙር በታችኞቹ መካከል ሰርጎ ይገባና ይቀረቅራቸዋል። ቀጫጭን ሽቦዎቹ ተጨፍልቀው ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ አንዳንዱ ተበጥሶ እንደ እሾህ ይወጣል። ዝገትም አለ። ሁለት ክረምት ያየ ገመድ ስንት እንደሚችል ማንም በዓይኑ አይቶ አይነግራችሁም።

እንግዲህ በዚህ ዊንች ላይ «ጠንከር ያለ» ሞተር የገጠመ ሰው፣ ወይም ትልቁን ዊንች ገዝቶ የድሮውን ገመድ የጠቀለለ ሰው ምን አደረገ? ከሞተሩ የመጀመሪያ ተሸናፊነቱን ነጥቆ ለገመዱ ሰጠ። ፒን ስትቆረጥ ባለችበት ትወድቃለች፤ ሞተር ሲሸነፍ ዝም ይላል። የተወጠረ የብረት ገመድ ግን ሲበጠስ ያጠራቀመውን ጉልበት ሁሉ ይዞ ይወነጨፋል፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ አንጠልጥሎ። በአገራችን ደግሞ መኪና ሲያጣብቅ ሰፈሩ ይሰበሰባል። ጎልማሶች ሊገፉ ይመጣሉ፤ ሕፃናት ከገመዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ያያሉ፤ ረዳቱ መሪውን በምልክት ለማሳየት በገመዱ ላይ ተራምዶ ያልፋል። «አይሰበርም» የተባለው መኪና የሚሰበርበት ቦታ በእነዚህ ሰዎች መካከል ሆነ ማለት ነው።

ሰው ሠራሹ ገመድስ? ዳይኒማ የሚባለው ገመድ በጣም ቀላል ነው፤ ሲበጠስም የሚያጠራቅመው ጉልበት ከብረቱ ያነሰ ስለሆነ አደጋው ይቀንሳል። እኔም ከብረቱ እመርጠዋለሁ። ግን እሱም የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ይህ ቁስ በ150 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። አብዛኞቹ የዛሬ ዊንቾች ፍሬናቸው ከበሮው ውስጥ ነው፤ ቁልቁለት ላይ መኪናን በዊንች እያወረዱ ገመድ ሲለቁ ፍሬኑ ይግላል፣ ሙቀቱም በቀጥታ ወደ ከበሮው፣ ከከበሮውም ወደ መጀመሪያው የገመድ ንብርብር ያልፋል። ከላይ ያለው ገመድ ደህና ይመስላል፤ የተጎዳው ከሥር ያለው ነው። ገመዱን የለወጠ ሰው ስለ ፍሬኑ ካልጠየቀ ድካሙን ከሚታይ ቦታ ወደማይታይ ቦታ አዛወረው እንጂ አላስወገደውም።

ከዊንቹ ወደ ጎማዎቹ እንሂድ፤ ክርክሩ እዚያም ያው ነው። የላንድ ክሩዘር 70 የኋላ አክስል የተሠራበት መንገድ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚኖር ድንቅ ሥራ ነው። የመኪናው ክብደት የሚያርፈው በአክስሉ ቤት ጫፍ ላይ ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ሻፍት ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ስለዚህ ሻፍቱ ቢሰበር ጎማው በቦታው ይቆያል። በጎማው መሃል ያሉትን ዳዶዎች ፈትቶ ቁራጩን መዞ ማውጣት፣ ዘይቱ እንዳይፈስ ቀዳዳውን መድፈን፣ የፊት ሃቦቹን ቆልፎ በፊት ጎማዎች ጉልበት እየተጎተቱ ወደ ከተማ መመለስ ይቻላል። ክብደቱም ማዞሩም በአንድ ሻፍት ላይ በሆነበት አክስል ግን ሻፍቱ ጫፉ ላይ ከተሰበረ ጎማው ራሱ ሊወጣ ይችላል። የዚያ ዓይነቱ አክስል ቀላልና ርካሽ ነው፤ ለከተማ መኪና ምንም አይወጣለትም። ልዩነቱ የብረት ውፍረት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያውን የሠራው መሐንዲስ «ቢሰበርስ?» ብሎ ጠይቋል፤ መልሱንም ብረቱ ውስጥ ጽፎታል።

አሁን ይህንኑ ሻፍት «ላጠንክረው» የሚል ሰው ይመጣል። የሻፍት ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በሦስት ጊዜ ብዜት ነው የሚያድገው። 10 በመቶ የወፈረ ሻፍት 33 በመቶ ይበልጥ ይችላል። ትልቅ ትርፍ ይመስላል። ግን ሻፍቱ እንቢ ሲል ኃይሉ የሚሄደው ወደ ዲፍረንሻሉ ጥርሶች፣ ወደ ኮሮናና ፒኞኑ ነው። ሻፍት ለመለወጥ መፍቻና መዶሻ ይበቃል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ይሠራል። ኮሮናና ፒኞን ለመግጠም ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር ክፋይ መለካት፣ በቀጫጭን ሺሞች መስተካከል፣ የጥርሱ ንክሻ በቀለም መታየት አለበት። ሁለቱንም ጎማ አብሮ የሚቆልፍ ሎከር ከተጨመረ ደግሞ ይብሳል፤ ሳይቆለፍ ለሁለቱ ሻፍቶች እኩል ይከፈል የነበረው ኃይል አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ተነክሶ ሌላው አየር ላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ሎከር አትግጠሙ ማለቴ አይደለም፤ ሲገጠም ቀጥሎ የሚሰበረው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ አይገጠም ነው የምለው።

ፎር ዊሉን አስፋልት ላይም ሳያወጡ መንዳት ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው፤ «ይበልጥ ይይዛል» ይባላል። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ የፊትና የኋላ ዘንጎች በትራንስፈሩ በኩል አንድ ላይ ይቆለፋሉ። ጥምዝ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ልዩነቱን ጎማው ተንሸራትቶ ያወራርደዋል፤ ያ መንሸራተት እንከን መስሎ ቢታይም የመኪናው ሌላው መከላከያ ነው። አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለሌለ ልዩነቱ በማርሾቹና በዘንጎቹ ውስጥ ውጥረት ሆኖ ይከማቻል። ዛሬ በዊንች ስሙ የታወቀው ዋርን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲነሳ ሥራው ለትርፍ የጦር ጂፖች የፊት ጎማውን ከዘንጉ የሚያላቅቅ ሃብ መሥራት ነበር። የመጀመሪያው ሸቀጡ ማጠንከሪያ አልነበረም፤ መፍቻ ነበር።

የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር አልሸሽም። «እኛ የምንሠራው ጋራዥ በሌለበት ነው» ይላሉ። «ደናክል ውስጥ ወይም ኦሞ ዳር የምትቆረጥ ፒን ይዤ ከምሄድ የማይበገር ብሎን ይዤ ብሄድ ይሻለኛል፤ እዚያ መሰበር ማለት መቅረት ነው።» ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መደምደሚያው ግን የተገለበጠ ነው። ከጋራዥ በራቅን ቁጥር በእጅ የሚለወጥ ነገር ቀድሞ እንዲሰበር የበለጠ እንፈልጋለን። አሥር ፒን በጓንት ኪስ ውስጥ ይገባል። የተላጨ የነሐስ ማርሽ ወይም የተፈነከተ የዊንች ቤት ደናክል ውስጥ ማን ይለውጠዋል? መቅረትን የሚያመጣው ብሎኑ ነው።

ሁለተኛው ክርክር «ኦሪጅናል ፒን አይገኝም» የሚለው ነው። ይህንንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ቶርኖ ያለው ማንኛውም ሰው ከተራ ለስላሳ ብረት በልኩ ሊያወጣው የሚችል ዕቃ ነው። የሚያስፈልገው ልኩን መጠበቅና የብረቱን ዓይነት ማወቅ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አይደለም። «ያገኘሁትን ብሎን ነው የገጠምኩት» የሚለው መካኒክ ቢያንስ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ «የእኛ ጭቃ ሌላ ነው፤ ዋልካን የሚያሸንፈው ጉልበት ብቻ ነው» ይላል። ዋልካ በእርግጥ ጨካኝ አፈር ነው። በጦር ሠራዊት የመኪና ማውጣት ሥራ ላይ በሚሠራበት ስሌት መሠረት፣ እስከ ጎማው የተቀበረ መኪና ለማውጣት የክብደቱን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ከጎማው በላይ እስከ መከላከያው ከሰመጠ ሁለት እጥፍ። ለ3 ቶን መኪና 6 ቶን ማለት ነው፤ የ12,000 ፓውንዱ ዊንች በአዲስ ገመድና በመጀመሪያ ንብርብር እንኳ አይደርስበትም። ታዲያ መልሱ 15,000 ነው? ገመዱን ዛፍ ላይ በታሰረ መዘውር አዙሮ ወደ መኪናው መልሶ ማሰር መኪናው ላይ የሚያርፈውን ጉልበት ወደ እጥፍ ያቀርበዋል፤ የሞተሩም የገመዱም ጭነት ግን ግማሽ ይሆናል። ብዙ ገመድ ስለሚፈታም ከበሮው ወደ ጠንካራው ንብርብሩ ይወርዳል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ በግማሽ ፍጥነት ይጎትታል። ዛፉ ግን እጥፉን እንደሚሸከም መርሳት አይገባም። ከመዘውሩም በፊት አካፋ አለ፤ ከጎማው ፊት ያለውን ጭቃ መዛቅ የሚፈለገውን ቶን ራሱን ይቀንሳል። ያለ አካፋና ያለ መዘውር ትልቅ ዊንች ብቻ ይዞ ዋልካ የሚገባ ሰው ጉዞው ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ይህ ስህተት በወረቀት መጽደቁ ነው። የመስክ መኪና ሲገዛ የሚጻፈው መስፈርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥርና «ከዚያ በላይ» የሚል ሐረግ ነው። ያ ሐረግ መጠን የሚያውቀውን ዕቃ ያስወጣና መጠን የሌለውን ያስገባል። የተሻለው መስፈርት አይረዝምም፤ ጥያቄው ግን ይለያል። ገመዱ የሚበጠሰው ዊንቹ ከሚጎትተው ምን ያህል በላይ ነው? የመጎተቻው አቅም በመጨረሻው ንብርብር ላይ ስንት ነው? ፍሬኑ የት ነው ያለው? መዘውር፣ የዛፍ ቀበቶና ገመዱ ላይ የሚጣል ከባድ ብርድ ልብስ አብረው ይመጣሉ? ከልክ በላይ ሲገደድ መጀመሪያ የሚሰበረው ምንድን ነው፤ ዋጋውስ ስንት ነው፣ በሾፌሩ እጅስ ይለወጣል ወይ?

የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ የማይችል ሻጭ ዕቃውን አያውቀውም። ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆነ፣ «ይሄማ አይሰበርም» ብሎ የሚያልፍ ሻጭ ደግሞ ዕቃው ከገዢው ቀድሞ ማንን እንደሚጎዳ አላሰበም። ገዢው ማሰብ አለበት። የሚሰበረውን ነገር መርጦ፣ ምትኩን በኪሱ ይዞ፣ ሰዉን ከገመዱ አርቆ የሚጎትት ሾፌር ያለው መኪና እሱ ነው ጠንካራ መኪና፤ ዊንቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምንም ይሁን።